ይድረስ ለአዘጋጁ፦ የጨው ውሃ የተወጉትን «ምንም አልተሰጣቸውም» አትበሉ

ባለፈው እሑድ በጤና ገጻችሁ «የእጅ ቁርጥማት መርፌ ተገኘለት» ብላችሁ ስለ እጅ መገጣጠሚያ መበላት (ኦስቲዮአርትራይተስ) ያወጣችሁት ዘገባ ብዙ የሚነቀስ ነገር አለበት። እኔ የምይዘው ግን አንዲቱን ዐረፍተ ነገር ነው፦ «መድኃኒቱን ላላገኙት ታካሚዎች ምንም አልተሰጣቸውም።» ስሕተት ነው። እንዲህ ባለ ሙከራ ሌላኛው ቡድንም ይወጋል፤ በዚያው ቀጭን መርፌ፣ በዚያው መገጣጠሚያ፣ በዚያው መጠን። ሲሪንጁ ውስጥ ያለው በስቴሮይድ (እብጠትና ሕመም በሚቀንሰው መድኃኒት) ፋንታ ንጹሕ የጨው ውሃ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ከእነሱም ውስጥ የሚሻላቸው ብዙ ናቸው። ይህን ከዘለላችሁት በእጃችሁ የቀረው ማስታወቂያ ነው።

የጨው ውሃ ተወግቶ ለምን ይሻላል? አንደኛ፣ መርፌ መወጋት ራሱ ተስፋ ይሰጣል፤ «መርፌ ካልተወጋሁ አልታከምኩም» በሚባልበት አገር ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ሁለተኛው ይበልጣል። ይህ ሕመም ይነሣል፣ ይበርዳል፤ ሰው ሐኪም ቤት የሚመጣው ደግሞ ሲብስበት ነው። ጎጃም ውስጥ ነገሩ በወር ይቆጠራል፦ ክረምት ሲወጣ የጤፍ አረም በእጅ መንቀል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ፣ በቡሬና በወምበርማ በኩል ደግሞ በቆሎ በአውራ ጣት መፈልፈል። በአጨዳ ማብቂያ እጁ አብጦ የመጣ ገበሬ ቢወጋም ባይወጋም፣ ማጭዱ ከተሰቀለ በኋላ ጥቂት ይቀልለዋል። የተወጋ እንደሆነ ምስጋናው ሁሉ ለመርፌው ይሄዳል። ማነጻጸሪያ ቡድን ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ፎቶው ላይ የሚወጋው ደግሞ ጉልበት ነው! ጉልበት ብዙ ሚሊ ሊትር ይችላል፤ የአውራ ጣት ግርጌ መገጣጠሚያ ግን አንድ ሚሊ ሊትር እንኳ መያዝ ይከብደዋል። አውራ ጣቱ ተስቦ ክፍተቱ ሲገኝ ነው መርፌው የሚገባው፤ አጠገቡ የደም ቧንቧ ያልፋል፤ በአልትራሳውንድ ካልታየ ጫፉ ከመገጣጠሚያው ውጭ ሊቀር ይችላል። በኃይል ከተገፋ ስቴሮይዱ ወደ ቆዳ ሥር ያመልጥና ቆዳውን ያነጣዋል፣ ከሥሩ ያለውን ስብ ያሳሳዋል። በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ ይህ ነጭ ምልክት ለወራት ጎልቶ ይታያል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ከተወጋ በኋላ ለቀናት ስኳሩ ከፍ ሊል ይችላል። ዘገባችሁ ስለ ሁለቱም አንዲት ቃል የለውም።

ውጤቱስ? በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ሙከራ 40 ታካሚዎች በአውራ ጣት ግርጌ ተወጉ፤ ግማሾቹ 5 ሚሊ ግራም ትሪአምሲኖሎን የተባለ ስቴሮይድ በ0.25 ሚሊ ሊትር፣ ግማሾቹ ያንኑ ያህል የጨው ውሃ። በ24ኛው ሳምንት ስቴሮይዱ ከጨው ውሃው የተሻለ ጥቅም አላሳየም። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመው የብራዚል ሙከራ ግን በጣት መገጣጠሚያዎች ላይ፣ በ60 ታካሚዎች፣ እስከ 12 ሳምንት ድረስ ስቴሮይድና ማደንዘዣ አብረው የተወጉት ሲንቀሳቀስ የሚሰማቸው ሕመምና እብጠቱ ማደንዘዣ ብቻውን ከተወጉት ይልቅ ቀንሷል። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ ሕመም ሕክምና) ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር የስቴሮይድ መርፌውን በአጠቃላይ አይመክርም፤ ለሚያሙ የጣት መገጣጠሚያዎች ግን ሊታሰብ ይችላል ይላል። ስለዚህ «መርፌ» ብሎ ነገር የለም፤ የቱ መድኃኒት፣ በየትኛው መገጣጠሚያ፣ ለስንት ሳምንት ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ስቴሮይዱ ወተት መሳይ፣ የጨው ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ ሲሪንጁ ይሸፈናል፤ ሕመሙንም የሚለካው ከወጋው የተለየ ሰው ነው። ሙከራን ለማመን የሚያበቃው ይህ ዝርዝር ነው፤ እናንተ የጣላችሁትም ይህንኑ ነው።

ከሁሉ ያናደደኝ ሕመሙን «የቢሮ ሠራተኛና የስልክ ተጠቃሚ በሽታ» ማለታችሁ ነው። እንዝርት የምታሾር፣ ጌሾ የምትወቅጥ፣ ሊጥ የምታቦካ የጎጃም እናት የት ገባች? ሙከራዎቹ ራሳቸው ይረሷታል። በብዙዎቹ የሚሠራበት የእጅ መጠይቅ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ የበር ቁልፍ ማዞር፣ ሥጋ በቢላ መቁረጥ፣ የልብስ ቁልፍ መቆለፍ፣ ለረጅም ጊዜ መጻፍ እያለ ይሄዳል። ስለ ማጭድና ስለ ፈትል አይጠይቅም። እዚህ ሙከራ የሚሠራ ሰው እነዚህን ሳይጨምር ቢለካ፣ ለእኛ ሰው የሚጠቅመውን አያውቅም።

መርፌው ክፍያ አለው። ያቺ እናት ብር ከመክፈሏ በፊት ለአውራ ጣት ግርጌ የሚታሰር ድጋፍ፣ የሚቀባ የሕመም ማስታገሻ ዲክሎፌናክና የእጅ እንቅስቃሴ እንዳለ ልታውቅ ይገባት ነበር።

እርማቱ በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይውጣ፤ የጨው ውሃ የተወጉት ታካሚዎች ምን ያህል እንደተሻላቸውም ከመድኃኒቱ ቁጥር ጎን ይጻፍ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ