ጉዳዩ፦ 84 ብር ክፍያ አለመሆኑን ስለማሳወቅ

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ደሴ



ሚያዝያ 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ቅዳሜ አንድ መምህራችን ሄሞፊሊያ (ደም በቀላሉ የማይረጋበት ሕመም) ላለባቸው ልጆች መርጃ በትምህርት ቤታችን ሜዳ ዙሪያ ማራቶን ይሮጣል። በላክነው የርዳታ ቃል መግቢያ ቅጽ ላይ «ለአንድ ዙር 50 ሳንቲም ቃል የገባ ሰው 84 ብር ይከፍላል» የሚል ምሳሌ ነበር። ምሳሌ! በሳምንቱ ግን 84 ብር አዲስ የትምህርት ቤት ክፍያ ሆኖ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ተወራ። ወሬው ሐሰት ነው፤ ያልሰጠ ተማሪ ከክፍል አይባረርም፤ ካርዱም አይያዝበትም።

«ታዲያ 84 ከየት መጣ?» ትሉ ይሆናል። የሜዳችን ዙር በሜትር ሲለካ 250 ነው፤ የማራቶን 42.195 ኪሎ ሜትር ማለት 168 ዙርና 195 ሜትር ነው። 168 ሙሉ ዙር በ50 ሳንቲም ሲባዛ 84 ብር ይሆናል። ሯጩ መቶኛው ዙር ላይ ቢያቆም ያው ሰው የሚከፍለው 50 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ ከሩጫው በፊት የሚሰበሰብ ገንዘብ የለም። የጠየቃችሁ ካለ ቢሮዬ ድረስ መጥታችሁ ንገሩኝ።

«ልጄን 42 ኪሎ ሜትር ሊያስሮጡት ነው» ያላችሁም አላችሁ። ልጆቹ ተራ ገብተው ዙር ይቆጥራሉ እንጂ አይሮጡም። ሩጫውን በኮምቦልቻ መንገድ ትተን በሜዳችን ያደረግነው በከባድ መኪናው ምክንያት ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ ስለሚወርድ ያን ያህል ቁልቁል መሮጥ የጭን ጡንቻን ይጎዳል። በሜዳችን በየ20 ዙሩ፣ ማለትም በየ5 ኪሎ ሜትሩ፣ ሯጩ አቅጣጫ ይቀይራል፤ በአንድ በኩል ብቻ መታጠፍ አንዱን ጉልበት ያደክማል። ውኃም እዚያው ይሰጠዋል፣ በጥማቱ ልክ። «ጠጣ፣ ጠጣ» እያላችሁ እንዳታስጨንቁት፤ ከልክ ያለፈ ውኃ የደምን ጨው አቅጥኖ ሰው ይጥላል።

በሹክሹክታ የደረሰን ጥያቄም አለ፦ «በትምህርት ቤቱ ታማሚ አለ እንዴ?» ቢኖርም አንናገርም። ሄሞፊሊያ አይጋባም። ደም የሚያረጋው ፋክተር 8 ወይም 9 ሲጎድል የሚመጣ፣ በአብዛኛው በእናት በኩል የሚወረስ ሕመም ነው። ተሸካሚ እናት ለምትወልደው ለእያንዳንዱ ወንድ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው። ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ ግን በቤተሰባቸው ማንም አልነበረበትም፤ «እናቲቱ ምን አድርጋ ነው?» የሚለው ወሬ ይቁም። ብዙ ቤት የሚታወቀው ሕፃኑ ተገርዞ ደሙ አልቆም ሲል ነው። በጉልበት ውስጥ ደጋግሞ የሚፈስ ደም ደግሞ ልጅን ያሽመደምዳል። ለሕክምና እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ማመላለስ ምን እንደሚያስወጣ ለእናንተ አይነገርም።

«ገንዘቡስ ማን ኪስ ይገባል?» የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ባለበት ይቆጠራል፤ ድምሩም በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል። ቁጥር ያለው ደረሰኝ ካልተቀበላችሁ ሳንቲም አትስጡ።

84 ብር በልጆቻችሁ የላካችሁ 11 ወላጆች፣ ገንዘባችሁ የየልጃችሁ ስም ተጽፎበት በፖስታ ታሽጎ ገንዘብ ያዥዋ ዘንድ አለ። እስከ ዓርብ መጥታችሁ፣ ፈርማችሁ ውሰዱ። በልጅ እጅ አንመልስም።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር