ውሃ ላይ የሚደረገውን ምርመራ ለምን አቆምን? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ለሽያጭ የቀረበን ጀልባ ውሃ ላይ እንደተንሳፈፈ በአነስተኛ ክፍያ መመርመር ማቆማችንን ስናሳውቅ ብዙዎቻችሁ ተቀይማችኋል። «ዋጋ ለመጨመር የተፈለገ ሰበብ ነው» መባላችንንም ሰምተናል፤ ከቆዩ ደንበኞቻችን አፍ ሲወጣ ደግሞ ይከብዳል። ማስታወቂያው በድንገት መውጣቱ ጥፋታችን ነውና ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔውን ግን አንለውጥም፤ ምክንያቱን ስሙን።

ለምርመራ የምታወጡት ገንዘብ ሁሉ ወደ እኛ አይመጣም። ጀልባውን ከውሃ ለሚያወጣው ክሬን፣ ሆዱን በግፊት ውሃ ለማጠብና የብስ ላይ ለሚቆምበት ቦታ የምትከፍሉት ለጀልባ ማቆሚያው ነው። ሞተሩን ፈትቶ የሚያየው መካኒክም የራሱን ያስከፍላል። በአነስተኛው ክፍያ ውስጥ ያልነበረው ይህ ሁሉ ነው፤ ርካሽ ያደረገውም እሱ ነበር።

ችግሩ የጀልባ ዋና በሽታ ከውሃ መስመር በታች መደበቁ ነው። በፋይበርግላስ ጀልባ ላይ ውሃ በጄልኮቱ (በውጪው ለስላሳ ሽፋን) አልፎ ሲሰርግ ትናንሽ እብጠቶች ይፈጠራሉ፤ ሲበሱ የኮምጣጤ ሽታ ያለው ፈሳሽ ይወጣቸዋል። በትንሽ መዶሻ መታ መታ ስናደርገው ጤነኛው አካል ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ንብርብሩ የተላቀቀው ግን ድምፁ ይታፈናል። የእርጥበት መለኪያው ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል፦ ጀልባው እንደወጣ ወዲያው ከተለካ የገጹን ውሃ ያነባል፣ መዳብ ያለበት ቀለምም ያሳስተዋል። ስለዚህ ጨዉን በንጹህ ውሃ አጥበን፣ እስኪደርቅ ጠብቀን፣ በጥቂት ቦታ ቀለሙን እንፍቃለን፤ ለዚህም አስቀድሞ የሻጩ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን በጀልባው ሆድ ላይ ያሉት የውሃ ማስገቢያ ቫልቮች ናቸው። ከተራ ናስ የተሠራ ቫልቭ በጨው ውሃ ውስጥ ዚንኩ ቀስ በቀስ ይታጠብና ወደ ሮዝ የሚያደላ መልክ ያለው፣ እንደ ስፖንጅ የላላ መዳብ ብቻ ይቀራል። ከውስጥ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ አንድ ቀን በእጅ ሲዘጉት ተሰብሮ ጀልባውን ሊያሰምጥ ይችላል። የብረት ጀልባ ከሆነም የላሜራውን ውፍረት በአልትራሳውንድ መለኪያ ነጥብ በነጥብ መለካት የግድ ነው። የፕሮፔለር ሻፍቱና የመሪው ልቅነት፣ ግማሹ ያለቀ የመከላከያ ዚንክ (ሌላውን ብረት ከዝገት ለማዳን ራሱ የሚበላው)፣ በሸራ ጀልባም የኪሉ (ሚዛን የሚጠብቀው የታችኛው ክንፍ) መጋጠሚያ፣ እነዚህን ሁሉ ውሃ ላይ ሆነን በአግባቡ ልናያቸው አንችልም። ያላየነውን «አላየነውም» ብለን ሪፖርት ላይ ብንጽፍም ገዢው የሚያስታውሰው መመርመሩን ብቻ ነው።

«ጀልባው በ4 ሜትር ቢረዝም ክፍያው ለምን እንዲህ ይዘላል?» ላላችሁም መልስ አለን። ባለ 12 ሜትሩ ከባለ 8 ሜትሩ በርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ቅርጻቸው ተመሳሳይ ከሆነ ግን የሚዳሰሰው ገጽ 2.25 እጥፍ፣ የውስጡ ይዘት ከ3 እጥፍ በላይ ይሆናል። ቧንቧው፣ ሽቦውና ታንከሩም በዚያው ልክ ይበዛል። የእኛም የሙያ ኢንሹራንስ፣ የመለኪያዎቹ እድሳትና የጉዞው ወጪ አሻቅቧል። የቻልነውን ያህል ራሳችን ተሸክመነዋል፤ የተረፈውን ነው ለእናንተ ያካፈልነው።

ወጪ መቀነስ ከፈለጋችሁ መንገድ አለ። ጀልባውን መጀመሪያ ራሳችሁ እዩት፤ ወለሉ ሲረገጥ የሚሰምጥ ወይም የሞተሩ ዘይት እንደ ወተት የነጣ ከሆነ ለእኛ ከመክፈል ይልቅ ሌላ ፈልጉ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት «ሽያጩ በምርመራው ውጤት ላይ የተመሠረተ ነው» የሚል አንቀጽ በውሉ ይግባ። ከውሃ የማውጣቱን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ያኔውኑ ተስማሙ። ለሙከራ ጉዞ ስንመጣ ደግሞ ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ንገሩት፤ በቀዝቃዛው ሲነሳ የሚወጣው ጭስ ብዙ ይነግረናልና።

ከማስታወቂያው በፊት ቀጠሮ የያዛችሁ ሁሉ በቀድሞው ክፍያ ትስተናገዳላችሁ። ውሃ ላይ ብቻ ምርመራ አድርገንላችሁ ጀልባውን ገና ያልገዛችሁ ካላችሁ ክሬኑ በሚያነሳው ቀን ጥሩን፤ ለታችኛው ክፍል ምርመራ ተጨማሪ ክፍያ አንቀበላችሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት