መብራት ማዳፈን፦ ደብዳቤ ለልጄ

የኔ እናት እንዴት ነሽ፣ የአዲስ አበባ ብርዱስ? እኛ ደህና ነን። በቀደም በስልክ «እማ፣ በጦርነት ጊዜ የሱቅ መስታወት መብራት ለምን ያደበዝዙታል፣ ከፈሩ ጭራሽ አያጠፉትም እንዴ» ያልሽኝን ገበያተኛ ስለነበረብኝ በደንብ ሳልመልስልሽ ቀረሁ፣ ከዛ ወዲህ ግን ነገሩ ከውስጤ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፍልሽ።

አያቴ ያኔ ጎንደር ላይ ጣልያን ተከቦ የእንግሊዝ አውሮፕላን ሲደበድበው ልጅ ነበረች። ማታ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ቤት ያለውን እሳት በአመድ ያዳፍኑት ነበር፣ አያጠፉትም፣ ፍሙ ከሞተ ጠዋት ከጎረቤት እሳት ልመና ነው። ጣልያን ህዳር 18 ቀን 1934 እጁን እስኪሰጥ ድረስ እንደዛ ነው ያመሹት። ያንቺም መልስ እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች መጀመሪያ ላይ ጨርሰው ነው ያጠፉት። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939፣ ጦርነት ሊያውጁ 2 ቀን ሲቀራቸው፣ የመንገድ መብራት ጠፋ፣ መስኮት ሁሉ በጥቁር መጋረጃ ተሸፈነ። ግን ምን ሆነ መሰለሽ፣ በዛ የመጀመሪያ ወር ገና ከተሞቹ ላይ ቦንብ ሳይወርድ መንገድ ላይ በመኪና የሚሞተው ሰው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከዛ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝና የዛፉን ግንድ ነጭ መቀባት መጣ፣ ለሱቆችም ሳይረን ሲነፋ ወዲያው የሚጠፋ ደብዘዝ ያለ መብራት ተፈቀደ። እኔ ባለሱቅ ነኝና በጣም የማስበው በሩን ነው፣ ገዢ በገባ በወጣ ቁጥር ብርሃኑ ውጭ እንዳይፈስ ከበሩ ኋላ ሌላ መጋረጃ ይሰቅሉ ነበር፣ አንዱን ሳትዘጊ ሌላውን አትከፍችም። እንደዛ እያደረጉ ዓመታት ሙሉ መሸጥ!

አሜሪካ ደግሞ ሌላ ነው፣ እዛ ፍራቻው ከባህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 መጀመሪያ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ምስራቁ ጠረፍ ድረስ መጥተው ማታ ማታ ይጠብቃሉ፣ ከከተማው የሚወጣው ብርሃን ሰማዩን ስለሚያፈካው በዛ በኩል የምታልፈው የነዳጅ መርከብ ጥቁር ሆና ቁልጭ ብላ ትታያለች፣ በቃ ይመቷታል። አንዳንድ የመዝናኛ ከተሞች እንግዳ ይቀርብናል ብለው መብራቱን ለመቀነስ አንገራግረው ነበር። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ ልጄ፣ ባለሱቁ እኮ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፣ ቀሚሱን ለማሳየት ያበራት አምፖል ባህር ላይ ያለን መርከበኛ እንደምታስገድል በምን ያያል? በኋላ ኒውዮርክም ሳይቀር የታይምስ ስኩዌርን ትልልቅ ማስታወቂያ አጠፋች፣ የሱቁ መብራት ደግሞ ወደ ላይ እንዳይወጣ ተጋርዶ ተቀነሰ።

እኔም አድርጌዋለሁ እኮ። ህዳር 4 ቀን 2013 ማታ አዘዞ ኤርፖርት በሮኬት የተመታ ጊዜ፣ አንቺ ብርድ ልብስ ውስጥ እጄን ይዘሽ እንቅልፍ ሳይወስድሽ ነጋ፣ ትዝ ይልሻል አይደል? በማግስቱ ሌሊቱን ሙሉ ይበራ የነበረውን የመስታወቱን መብራት ማንም ሳያዘኝ አጠፋሁት። ሮኬት መሬት ላይ ያለ መብራት አይቶ አይደለም የሚመጣው፣ ያኔ ግን ይሄን አላውቅም፣ ቢነግሩኝም የማጠፋው ይመስለኛል፣ ለናንተ ማድረግ የምችለው እሱን ብቻ ነበር። ከሳምንት በኋላ ጎረቤቴ ያለችው ሴትዮ «በጨለማ ደረጃው ላይ ልወድቅ ነበር» ስትለኝ አንዷን ትንሽ አምፖል ካርቶን ሸፍኜ ወደ መሬት አዙሬ አበራሁላት፣ ደረጃው ብቻ እስኪታይ።

ካርቶኑን አልጣልኩትም፣ መደርደሪያው ስር አለ፣ ስትመጪ አሳይሻለሁ። ያልገባሽ ካለ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ደውይልኝ፣ ሱቁን ዘግቼ እጠብቅሻለሁ።

እናትሽ