ኮሚክሱን ከክፍል አታባርሩት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ የሱፐርሂሮ ኮሚክስ፣ ማለትም ልዩ ኃይል ያላቸው ጀግኖች ታሪክ በሥዕል የሚተረክበት መጽሐፍ፣ ጊዜ ማባከኛ ነው የሚል ሰው ሲበዛብኝ ነው ይሄን የጻፍኩት። ሱፐርማን ከወጣበት ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንት ልጅ ማንም ሳያስገድደው ያነበበውን ነገር እኛ ለምን እንከለክላለን?

ግራመሩን እዩት እስቲ። ክፉው ሰውዬ ሁሌ እንደዛተ ነው፣ "ኢፍ ዩ ሙቭ፣ አይ ዊል ሹት" ይላል፣ ይሄ እኮ ፈርስት ኮንዲሽናል፣ "እንዲህ ካደረግክ እንዲህ ይሆናል" የሚለው የዓረፍተ ነገር ዓይነት ነው፣ ሳምንት ሙሉ ቦርድ ላይ ሳስረዳው ያልገባው ተማሪ በአንዷ ሥዕል ገባው፣ ማን ማንን እንደሚያስፈራራ በዓይኑ እያየ ነዋ። ቃላቱም እንደዛው፣ "ስማሽ" የሚለው በትልቁ ተጽፎ ግድግዳው ሲፈርስ እያየ ዲክሽነሪ ምን ያደርግለታል? ደመቅ ተደርገው የተጻፉት ደግሞ ጫን ተብለው የሚነገሩ ቃላት ናቸው፣ ጮክ ብለው ሲያነቡት አነጋገራቸውም ይስተካከላል።

ችግር የለውም አልልም። አብዛኛው ኮሚክስ በካፒታል ሌተር ብቻ ነው የሚጻፈው፣ ስለዚህ ካፒታል የት እንደሚገባ ከሱ አይማሩም፣ "ጎና" "ኤይንት" ምናምን የሚለውን የሰፈር እንግሊዝኛም ፈተና ላይ ይዘውት ይመጣሉ። እኔ የንግግር አረፋዎቹን፣ ማለትም ባለታሪኮቹ የሚናገሩት የሚጻፍባቸውን ክቦች፣ በነጭ ወረቀት እሸፍንና ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሞሏቸዋል፣ ከዛ ታሪኩን በፓስት ቴንስ ደብተራቸው ላይ በሥርዓቱ ይጽፉታል። ክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ልጅ ለስፓይደርማን ስድስት መስመር ጻፈለት፣ አንብብልን ስለውም ተነስቶ አነበበ።

አስተማሪዎች እባካችሁ አንድ ገጽ ብቻ ይዛችሁ ግቡና ሞክሩት።

አንድ የእንግሊዝኛ መምህር