ንፍጡን ያመጣው ማነው?

የኔ ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልሽ መቅረቴ ያሳፍረኛል። የመጨረሻው ደብዳቤሽ የደረሰኝ ልጄ በታመመች ሰሞን ነው። ገና ሦስት ወሯ ነበር። መጀመሪያ ንፍጥ ብቻ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ጡት መጥባት አቃታት፣ በተነፈሰች ቁጥር ከጎድን አጥንቷ ሥር ይሰረጉድ ጀመር። ሰዓት ይዤ አንድ ደቂቃ ትንፋሿን ቆጠርኩ፤ 72። በሷ ዕድሜ 50 ከደረሰ ሐኪም ዘንድ ሩጡ ነው የሚባለው። ስድስት ቀን ኦክስጅን ላይ ሰነበተች። አሁን ተመስገን፣ ቤቱን በሩጫ ታምሰዋለች።

አርኤስቪ የሚሉት ቫይረስ ነው አሉን። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ከደጅ ወጥታ የማታውቅ ልጅ ከየት አገኘችው የሚለው ነበር። በኋላ ኬንያ፣ ኪሊፊ ገጠር ውስጥ ስለተሠራ ጥናት አነበብኩ። በ2009 እና 2010 እ.ኤ.አ. ጨቅላ ያለባቸው 47 ቤተሰቦች ጋ ለስድስት ወር በሳምንት ሁለቴ እየሄዱ፣ የታመመውንም ደህና የሆነውንም የቤት ሰው አፍንጫ እየጠረጉ ናሙና ወሰዱ። ከ16,000 በላይ ናሙና! በየደጁ ያን ያህል የተመላለሱትን ሰዎች ሳስብ አከብራቸዋለሁ። ሆስፒታል ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ የሚያገኘው የታመመችውን ሕፃን ነው፤ ያስያዛትን አያይም። እነሱ ግን ቫይረሱ ኖሮባቸው ሳል እንኳ የሌላቸውን ብዙ ሰዎች አገኙ። ቤት ውስጥ ከተያዙት ጨቅላዎች በፊት ቫይረሱ የያዘው ደግሞ በብዛት ትምህርት ቤት የሚሄድ ታላቅ ልጅ ነው።

እዚህ ስደርስ አለቀስኩ። ትልቁ ልጄ ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር። ከኬጂ ንፍጡ እየወረደ ይመጣና ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ እህቱን ይስማት ነበር። ምን እለዋለሁ፣ ፍቅሩ ነው።

ባለፈው እሁድ እናትሽን ቤተ ክርስቲያን አገኘኋቸው፤ ነፍሰ ጡር መሆንሽን ነገሩኝ። በደስታ ብዛት እዚያው አቅፌ ሳምኳቸው። ትልቋ ትምህርት ቤት ገብታለች አይደል? እናንተ አሜሪካ ከ2023 ጀምሮ ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ የአርኤስቪ ክትባት አለ፤ ከሴፕቴምበር እስከ ጃንዋሪ፣ እርግዝናው ከ32 እስከ 36 ሳምንት ሲሆን። ካለፈሽም ለሕፃኑ የሚወጋ መከላከያ አለ። ሐኪምሽን ሳትጠይቂ እንዳትቀሪ። ትልቋም ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ እጇን በሳሙና ትታጠብ፤ ጉንፋን ከያዛት ደግሞ እስኪሻላት የሕፃኑን እግር ትሳም፣ ፊቱን አይሁን።

ቀንሽ መቼ እንደሆነ ጻፊልኝ። ማርያም ትቅረብሽ።

ያንቺው