ሁሉም መብራት በርቷል፣ ጌሙ ግን ይቋረጣል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

በዚህ ዓምድ ስለ ኢንተርኔት መቆራረጥ የሚጻፉትን ቅሬታዎች ለዓመታት ሳነብ ቆይቻለሁ፤ ከብዙዎቹም ጋር እስማማለሁ። ይሁን እንጂ በቅርቡ በራሴ ቤት የደረሰው ነገር ጥፋቱን ሁሉ ከግቢያችን ውጭ የመፈለግ ልማዳችን ምን ያህል እንደሚያደክመን ስላሳየኝ፣ ለጌም በሚያገለግል የቤት ኮምፒውተር ላይ በገመድ የሚመጣ ኢንተርኔት ሲታወክ ምርመራው ከየት መጀመር እንዳለበት ጥቂት ለማለት ወደድሁ።

የ17 ዓመቱ ልጄ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወትበት ኮምፒውተር ሳሎን ካለው ራውተር ጋር የተገናኘው 25 ሜትር ያህል በሚረዝም የኔትወርክ ገመድ ነው። ዋይፋዩ የድንጋዩን ግንብ አልፎ እሱ ክፍል ሲደርስ ስለሚደክም፣ ገመዱን በኮሪደሩ አሳልፈን የዘረጋነው እኛው ነን። ለሦስት ሳምንት ያህል በየምሽቱ «አባዬ፣ ጌሙ እንደገና አስወጣኝ» የሚል ድምፅ እሰማ ነበር፤ እኔም በየጊዜው ወደ አገልግሎት ሰጪው የጥሪ ማዕከል እደውል ነበር። የመጣው ባለሙያ ራውተሩ ድረስ ያለውን መስመር ለክቶ ደህና መሆኑን ነግሮን ሄደ። እኔ አላመንሁትም፤ ዛሬ ይቅርታ ልጠይቀው ይገባኛል።

እናቱ በዚያው ሰዓት ሳሎን ተቀምጣ በስልኳ ያለ እንከን ቪዲዮ ታይ ነበር። ይህን ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ምሽት ፊቴን ወደ ገመዱ ባዞርሁ ነበር፤ አንዱን ራውተር ተጋርተው ስልኩ እየሠራ ኮምፒውተሩ ከተቋረጠ፣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ከራውተሩ ወዲህ ያለው ክፍል ነውና። እርግጥ ነው፣ ቪዲዮ አስቀድሞ እየተጠራቀመ ስለሚታይ ለሁለት ለሦስት ሰከንድ የሚጠፋን መስመር ሊሸፍን ይችላል፤ ጌም ግን እንዲህ ያለ ስንቅ የለውም፤ የጠፋችው ሰከንድ ወዲያውኑ ትታወቃለች። ስለዚህ ከግምት የተሻለ መለኪያ ያስፈልጋል።

መለኪያው ፒንግ ነው፤ ኮምፒውተሩ ለሌላ መሣሪያ አጭር ጥያቄ ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደደረሰ የሚያሳይ ትእዛዝ ማለት ነው። በዊንዶውስ ኮማንድ ፕሮምፕት የተባለውን የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ከፍተን፣ ኮምፒውተሩ ውጭ ላለ ሰርቨር ሳይሆን ለራሳችን ራውተር (አድራሻው በብዙ ቤት 192.168.1.1 ነው) ያለማቋረጥ ጥያቄ እንዲልክ አደረግን። በገመድ የተገናኘ ኮምፒውተር ከቤቱ ራውተር መልስ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ በ1 ሚሊ ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው፤ መልሱ መቅረት ደግሞ ጨርሶ የለበትም። የእኛ ግን ደህና ደህና የመልስ መስመር በስክሪኑ ላይ ሲያወርድ ቆይቶ ድንገት መልስ ያጣል። ልጄ ስክሪኑን እየተመለከተ ሳለ እኔ ቡና ላመጣ ወጥቼ በሩን ስዘጋ «ቆረጠ!» ብሎ ጮኸ። ተመልሼ ስከፍተው መጣ። ስዘጋው ጠፋ። ገመዱን በበሩ ማጠፊያ በኩል ስላሳለፍነው፣ በሩ በተዘጋ ቁጥር ሲያኝከው ኖሯል።

ገመዱ ተገኘ ብለን አዲስ 25 ሜትር አስቆርጠን፣ ጫፎቹ ላይ መሰኪያ ሱቁ ውስጥ አስመትተን፣ ከማጠፊያው አርቀን ዘረጋን። በማግሥቱ ምሽት ልጄ እንደገና ተቋረጠ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። «ገመዱን ቀይሬዋለሁ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የገመዱ ሊሆን አይችልም» ብዬ ኮምፒውተሩን ወደ መጠራጠር ሄድሁ። የኔትወርክ ካርዱን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) እንደ አዲስ ጫንን፤ ኃይል ለመቆጠብ ሲል ዊንዶውስ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምርጫ አነሳን፤ ራውተሩ ላይ መሰኪያውን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው አዛወርን። እነዚህ ሁሉ ሊሞከሩ የሚገባቸው ነገሮች ናቸው፤ ለእኛ ግን አንዳቸውም አልፈየዱም። ነገሩ የለየው የወንድሜን ላፕቶፕ ተውሰን በዚያው አዲስ ገመድ ስናገናኘው ነው፤ እሱም ተቋረጠ። ኮምፒውተሩ ከክሱ ነጻ ወጣ።

ወደ ሱቁ ስመለስ ወጣቱ ገመዱን ስምንት መብራት ባለው ቴስተር ላይ ሰካው። መብራቶቹ ከ1 እስከ 8 በተራ በተራ በሩ። «ጋሼ፣ ገመዱ ምንም የለበትም» አለኝ፤ አልዋሸኝም። ነገር ግን ግልጹን የፕላስቲክ መሰኪያ ወደ ብርሃን አቅርቤ ሳየው ሽቦዎቹ የተደረደሩት በየቀለማቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው ነበር፤ ብርቱካን ከብርቱካን፣ አረንጓዴ ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ፣ ቡናማ ከቡናማ ጎን። ለዓይን ያማረ ድርድር ነው። ለኔትወርክ ግን ጥፋት ነው።

ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልግለጽ። በገመዱ ውስጥ ያሉት ስምንት ሽቦዎች አራት ጥንድ ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ጥንድ እርስ በርሱ የተጠማዘዘው አንዱ ሽቦ የሚቀበለውን የውጭ ረብሻ ሌላውም እኩል ተቀብሎ በመጨረሻ እንዲጣፋ ነው። መሣሪያዎቹ 1ኛውን ከ2ኛው፣ 3ኛውን ከ6ኛው፣ 4ኛውን ከ5ኛው፣ 7ኛውን ከ8ኛው ጋር ያጣምራሉ። ሽቦዎቹ በየቀለማቸው ተከታትለው ሲደረደሩ 3ኛውና 6ኛው አብረው ያልተጠማዘዙ፣ ከሁለት የተለያዩ ጥንዶች የመጡ ባዕዳን ይሆናሉ፤ የ4ኛውና የ5ኛውም ዕጣ እንዲሁ ነው። በዚህ ጊዜ የአንዱ ምልክት ወደ ሌላው ይፈስሳል። ባለ መብራቱ ቴስተር የሚያውቀው እያንዳንዱ ሽቦ ከዳር እስከ ዳር መድረሱን ብቻ ስለሆነ ሁሉንም መብራት ያበራል። ትክክለኛው፣ በብዛት የሚሠራበት ድርድር ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው፤ አረንጓዴው ጥንድ ሰማያዊውን መሐል አስገብቶ የሚለያየው ያለ ምክንያት አይደለም። ወጣቱም ሲገባው ያለ ክርክር ሁለቱንም ጫፍ ቆርጦ እንደገና መታልኝ።

ፍንጩ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዓይናችን ፊት ነበር። ዊንዶውስ በኔትወርክ ቅንብሩ የገመዱን የግንኙነት ፍጥነት ያሳያል፤ የኮምፒውተሩም የራውተሩም መሰኪያ 1000 ሜጋ ቢት በሰከንድ የሚችል ሆኖ ሳለ 100 ካሳየ፣ አራቱም ጥንድ በአግባቡ እየሠሩ አለመሆናቸውን ልንጠረጥር ይገባል፤ 1000ው አራቱንም ጥንድ ሲፈልግ 100ው በሁለቱ ብቻ ይሄዳልና። የእኛ የኢንተርኔት ጥቅል 100 ስለማይደርስ ፍጥነት አልቀነሰብንም፤ ቁጥሩንም ንቀን አለፍነው። እንዲሁም ኮምፒውተሩ የያዘው አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ሆኖ ከተገኘ፣ ከራውተሩ አድራሻ ጠይቆ መልስ በማጣቱ ለራሱ የሰጠው ስለሆነ፣ ወደ ውጭ መስመር ከማማረር በፊት እዚያው ቤት ውስጥ መፈለግ ነው።

ይህን ስል አገልግሎቱ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። የራውተሩ ፒንግ ንጹሕ ሆኖ የውጭው ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን በፎቶ አንስቶ ለጥሪ ማዕከሉ ማቅረብ «ኢንተርኔቱ አይሠራም» ከማለት የተሻለ ክርክር ነው። በሌላ በኩል ልጆቻችን ከፍተኛ ፒንግን ሁሉ፣ ማለትም የመልስ መዘግየትን ሁሉ፣ እንደ ብልሽት ባይቆጥሩት እወዳለሁ። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ በአየር 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ደርሶ መልሱ ብቻ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይወስዳል። መስመሩ ደግሞ በጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር ወርዶ ስለሚዞር ከዚያ ይበልጣል። ይህን የትኛውም ገመድ አያሳጥረውም። የሚጠገነው ብልሽት አንዴ የሚጠፋው፣ አንዴ የሚዘልለው ነው።

ገመድ ለሚሸጡና ጫፍ ለሚመቱ ወገኖቻችን ደግሞ ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛው፣ ከቴስተሩ መብራት በተጨማሪ የቀለሙን ቅደም ተከተል ለገዢው በዓይን እንዲያሳዩ ነው። ሁለተኛው፣ መዳብ ተቀብቶ የሚሸጠውን የአሉሚኒየም ገመድ አሉሚኒየም ብለው እንዲሸጡት ነው፤ ሽቦውን በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ጥቂት ጊዜ ሲታጠፍም ይሰበራል። በሩ ያኘከው የመጀመሪያው ገመዳችን ከዚሁ ዓይነት ነበር፤ የዋጋውን ርካሽነት አይቼ የገዛሁት ግን እኔ ራሴ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ
አዲስ አበባ