የአድማ ቀን አስቀድሞ ይታወቃል፤ ለተጓዡ በአማርኛ ይነገረው፦ በሮም ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ቆንስላ ክፍል ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የቆንስላ ክፍሉ ኃላፊዎች፣

እኛ በጣሊያን የምንኖር፣ ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ ለምረቃና ለሐዘን ከአገር ቤት የሚመጡ ዘመዶችን የምንቀበልና የምንሸኝ ነን። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ የትራንስፖርት አድማ (ሁላችንም ሾፔሮ የምንለው) በተጠራ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን በአገራችን ቋንቋዎችና በአገራችን አቆጣጠር አውጡልን።

ጣሊያን ውስጥ አድማ በአብዛኛው ድንገተኛ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 የወጣው ሕግ ቁጥር 146 የሠራተኛ ማኅበራቱ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። የመሠረተ ልማትና ትራንስፖርት ሚኒስቴርም ዝርዝሩን በድረ ገጹ ያወጣል፤ በጣሊያንኛ። ከደብረ ብርሃን ለልጃቸው ሰርግ የሚነሱ እናት ይህን ከየት ያነቡታል? በ10 ቀን ውስጥ እኮ ትኬት ይቀየራል፣ ማደሪያ ይያዛል፣ የሚቀበል መኪና ይፈለጋል።

ሰዓቱም ያሳስታል። ማስታወቂያው «ከ21:00 እስከ 21:00» ካለ አድማው የሚጀምረው በዋዜማው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። «አድማው ዓርብ ነው» የተባለ ሰው ሐሙስ ማታ ባቡር ውስጥ ይያዛል። መንገድ ላይ ያለ ባቡር እስከ መድረሻው የሚሄደው አድማው በጀመረ አንድ ሰዓት ውስጥ መድረስ ከቻለ ነው፤ ካልቻለ ከዚያ በፊት ባለ ጣቢያ ሊቆም ይችላል። በአድማ ቀን የተጠበቁ፣ ማለትም አገልግሎቱ የግድ የሚሰጥባቸው ሰዓቶችም አሉ። ለበረራ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 እና ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ለአጭር ርቀት ባቡሮች ደግሞ በሥራ ቀናት ከጠዋቱ 12 እስከ 3 እና ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ነው። ጣሊያኖቹ «7:00» ብለው የጻፉትን እንዳለ ያነበበ ዘመድ ቀትር ካለፈ በኋላ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የተጠበቀው ሰዓት ካለፈ ቆይቷል።

የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ ኤናክ ለአድማ ቀን በሚያወጣው ዝርዝር ከሌላ አህጉር የሚገቡ በረራዎች ከተጠበቁት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ የአዲስ አበባው አውሮፕላን ብዙውን ጊዜ ያርፋል፤ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ወደ ፓሌርሞ ወይም ወደ ቦሎኛ በሚወስደው ጉዞ ላይ ነው። ሁለቱ ትኬቶች ለየብቻ ከተገዙ ለሁለተኛው ማምለጥ ማንም አይጠየቅም፤ በአንድ ትኬት መግዛት ወይም ሮም አንድ ሌሊት ማደር ይሻላል። ወደ ሮም አውሮፕላን ማረፊያ ፊውሚቺኖ የሚሄደው ባቡር ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ ሲቋረጥ ምትክ አውቶቡስ ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ውጭ፣ በጆሊቲ መንገድ በኩል ይነሳል። የሚላኖው አውሮፕላን ማረፊያ የማልፔንሳው ደግሞ ሚላኖ ካለው ካዶርና ጣቢያ አጠገብ ከፓሌኦካፓ መንገድ ነው። ጣቢያው ውስጥ ሰሌዳ ሥር የሚጠብቅ ሰው አያገኘውም። የሻንጣ ሠራተኞችም አድማ ስለሚመቱ የሙሽሮቹ ካባ፣ ቀለበቱና የጋብቻው ሰነድ በእጅ ሻንጣ ይያዙ።

ከሁሉ የሚያሳስበን መመለሻው ነው። ከአውሮፓ የሚነሳ በረራ ሲሰረዝ፣ አየር መንገዱ የየትም አገር ይሁን፣ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 ይሠራል፤ ምግብ፣ ሆቴልና ሌላ በረራ የመጠየቅ መብት አለ። የራሱ የአየር መንገዱ ሠራተኞች ባደረጉት አድማ ከተሰረዘና ተጓዡ ከ14 ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከተነገረው፣ ከሮም ወደ አዲስ አበባ ላለው ርቀት ካሳው 600 ዩሮ ነው። አድማው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ከሆነ ካሳው አይከፈልም፤ ምግቡ፣ ሆቴሉና ሌላ በረራው ግን አይቀርም። በድንጋጤ «ገንዘቤ ይመለስልኝ» ያለ ሰው ግን ሌላ በረራም ሆነ ሆቴል የመጠየቅ መብቱን ያጣል። ይህን አንድ ነገር ብቻ እንኳ በትልቁ ብትጽፉልን ብዙ ሰው ይድናል።

ቪዛውስ? ተለጣፊው ላይ ሁለት ነገር አለ፤ የሚያገለግልበት ጊዜና የሚፈቀደው የቆይታ ቀን። የሚያገለግልበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ 15 ቀን ተጨምሮበት ይሰጣል፤ የቆይታው ቀን ግን አይጨምርም። «ገና ሁለት ሳምንት አለኝ» ብሎ የሚረጋጋ ሰው ቀኑን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መውጣት ላልቻለ ሰው የሸንገን ቪዛ ሕግ አንቀጽ 33 ያለ ክፍያ ማራዘሚያ ይፈቅዳል። ጥያቄው ለኩዌስቱራ (ለፖሊስ ዋና ጽሕፈት ቤት) የሚቀርበው ቀኑ ከማለቁ በፊት ሲሆን፣ የአየር መንገዱ የስረዛ ማረጋገጫ በጽሑፍ መያዝ አለበት። እባካችሁ ለዚህ የሚሆን የአንድ ገጽ የድጋፍ ደብዳቤ በጣሊያንኛ አዘጋጅታችሁ ጠብቁን፤ ስምና የፓስፖርት ቁጥር ብቻ ተሞልቶ በዕለቱ በኢሜይል የሚላክ። አዲስ አበባ ካለው የጣሊያን ኤምባሲ ጋርም ተነጋገሩ፤ ለሰርግና ለምረቃ የሚመጣ ሰው የቆይታ ቀኑ ከመመለሻ ትኬቱ ሁለት ሦስት ቀን እንዲያልፍ።

የሰርግ ቀን ገና ላልቆረጡ ደግሞ ይህ ይነገራቸው፤ ከሐምሌ 20 እስከ ነሐሴ 30 በአየር ትራንስፖርት አድማ ማድረግ አይፈቀድም። ፍልሰታን ለሚጾሙ የሐምሌ መጨረሻና ከነሐሴ 16 በኋላ ያለው ይመቻቸዋል። ይህ ግን ለባቡር አይሠራም።

በመጨረሻ፣ ለጋብቻ ኑላ ኦስታ (ለማግባት እንቅፋት የለበትም ለሚለው ወረቀት) ቀጠሮ የያዘ ሰው በአድማ ምክንያት ሮም መድረስ ካልቻለ ቀጠሮው አይሰረዝበት፤ በዚያው ሳምንት ሌላ ቀን ይሰጠው። ወረቀቱ ከእናንተ ወጥቶ ፕሬፌቱራ በሚባለው የጣሊያን መንግሥት ጽሕፈት ቤት መረጋገጥ ስላለበት፣ አንድ ሳምንት ሲገፋ የማዘጋጃ ቤቱም ቀን አብሮ ይገፋል።

ከአክብሮት ጋር
በጣሊያን የምንኖር ኢትዮጵያውያን